ስም የላትም አልኩ

ላምበረት መናኸሪያ ቆሜ አንዲት ፍየል ካድኩ። ነገሩ ይኸው ነው። ለሰው ሳወራው ሰው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ወራት አልፈውም አልለቀቀኝም። ጥርሴን ስቦርሽ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ስቆም፣ ሳላስበው የገዛ ድምፄ ይመጣብኛል። «ፍየል ደግሞ ምን ስም አላት ጋሼ!» ያልኩበት ድምፅ። ከነሳቁ።

ስም ነበራት። ትርፌ ነበር የምትባለው።

ከቢላዋ የተረፈች

የ2015 ፋሲካ ሚያዝያ 8 ቀን ነበር የዋለው። አባዬ ቅዳሜ ማለዳ ሾላ ገበያ ሄዶ ፍየል እየጎተተ መጣ። ከሾላ ካዛንቺስ፣ በሃያ ሁለት በኡራኤል አድርጎ፣ በእግሩ። ላዳው ተወደደበት፤ የሚኒባስ ረዳቶቹ ደግሞ ፍየሏን ሲያዩ በሩን ዘጉበት። ግቢ ሲገቡ እሱም እሷም እኩል ያለከልኩ ነበር።

ግቢያችን ውስጥ አምስት አባወራ ነበርን። አንድ ቧንቧ፣ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ የማያልቅ ወሬ። በዓል ሲመጣ የማን በግ ምን እንደሚያህል የሁሉም ጉዳይ ነው። ሁሉም ወጥቶ ከበባት። ትንሽ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ጎረቤታችን እትዬ ጎንበስ ብለው ከኋላ አዩና፣ «ውይ! ሴት ናት እኮ!» አሉ።

ለበዓል የሚገዛው ሙክት ነው። አቅም ካነሰ ወጠጤ። ሴት ፍየል ለፋሲካ ጎትቶ የመጣ ሰው በሰፈራችን ተሰምቶ አይታወቅም። አባዬ ግን እጅ አልሰጠም። «ሥጋ ሥጋ ነው» አለ። «4 ሺህ 500 ብር ነው የገዛኋት። ሙክት ስንት እንደሚሉ ሂዱና ጠይቁ።» እሱ ይህን ሲከራከር ፍየሏ አጥር ሥር ወደተደረደሩት የዘይት ጄሪካኖች ተጠጋች። እማዬ ጤና አዳሟንና በሶብላዋን የምትተክለው በነሱ ውስጥ ነው። ዞር ብለን ስናይ ጤና አዳሙ ግንዱ ብቻ ቀርቷል። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ» ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ሰው ለማዛመት የፈጠረው ይመስለኝ ነበር። ለካ አይቶ የተናገረ ሰው ነው።

ሌሊት ከቅዳሴ መልስ አራጁ መጣ። ሁለት ቢላዋ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። የሰፈሩ በግ ሁሉ የሚጠብቀው እሱን ስለሆነ ቸኩሏል። ፍየሏን ጠልፎ ጣላት፣ ወደ ምሥራቅ አዞራት፣ ከዚያ ግራ እጁን ሆዷ ላይ አሳረፈ። እጁ እዚያው ቆየ። ወደ ታች ወረደ፣ ተመለሰ፣ ጫን አለ።

«ይቺ እርጉዝ ናት» አለ።

ማንም አልተናገረም። አባዬ የእጅ ባትሪውን እንዳበራ ቆሟል።

«ሌላ ሰው ፈልጉ። እኔ አላርዳትም።»

ቢላዋዎቹን መልሶ ጠቀለለ። የቀረበለትን አረቄ ቆሞ ጠጣና ወደሚቀጥለው ግቢ ሄደ። ሌላ ሰው አልፈለግንም። በዶሮ ወጥና ጎረቤት በላከልን ሥጋ ፈሰክን። ጠዋት ቆዳ ሰብሳቢዎቹ «ቆዳ ያለው!» እያሉ ሲያልፉ እማዬ ከበሩ ውስጥ ሆና፣ «የእኛ ቆዳ ገና ቅጠል እየበላ ነው!» ብላ መለሰችላቸው። ግቢው በሙሉ ሳቀ። የዚያኑ ቀን የድንች ልጣጭ እየሰጠቻት፣ «ነይ እስቲ፣ አንቺ ትርፍ» አለቻት። ማክሰኞ ላይ ትርፌ ሆና ነበር።

ትርፌ የሰው ስም ነው። በየሰፈሩ አንድ እትዬ ትርፌ አይጠፉም። ይህን ያነሳሁት በኋላ ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ስም ያልወጣለት

ፍየል የምታረግዘው አምስት ወር ነው። ትርፌ ሰኔ ላይ፣ ያ የሰኔ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ባደረበት ሌሊት፣ መንታ ወለደች። ሴቷ ሦስት ቀን አልሞላትም። ወንዱ አደገ።

እዚህ ጋ ዘልዬው ማለፍ የምፈልገው ነገር አለ። ከዘለልኩት ግን የቀረው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ለልጁ ስም አላወጣንለትም። መጀመሪያ «ግልገሉ» ነበር፤ ከዚያ «ወጠጤው» ሆነ። ያንን ያደረግነው መክረንበት አይደለም። ማንም ለማንም «ስም እንዳታወጡለት» አላለም። ግን ሁላችንም አውቀናል። የ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለና ያው አራጅ፣ ሁለት ቢላዋውን በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። የእኔ ሥራ ትርፌን ከግቢ ማውጣት ነበር። ጎህ ሳይቀድ ይዣት ወጣሁና ጥግ ላይ ካለው ጫት ቤት ደጃፍ፣ ሲዘጉ ያወጡት የገረባ ክምር ላይ አቆምኳት። በላች። ገረባ ትወዳለች። የካዛንቺስ ፍየል ናት፤ ሣር የት አይታ።

ስንመለስ እማዬ ግቢውን አጥባ ጨርሳለች። ትርፌ ውኃው ያረጠበውን ሲሚንቶ አሽትታ ቆመች። ከዚያ መጣራት ጀመረች። ሦስት ቀን ተጣራች። በአራተኛው ቀን ዝም አለች፤ ያኔ ይበልጥ ከበደኝ።

ጥብሱን በልቻለሁ። ጣፋጭ ነበር። ሁለተኛ ጊዜም አስጨምሬያለሁ።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ እንስሳ ወዳድ ሰው እንደጻፈው አድርጋችሁ እንዳታነቡብኝ። እንስሳ ወዳድ አይደለሁም። አንዲት ፍየል ነበረችን፤ ወደድናት። ልጇን ግን በላን። እሷ ስም ነበራት፣ እሱ አልነበረውም። ልዩነታቸው ያ ብቻ ነበር።

በረንዳው ሰፊ ነው

በ2017 መጀመሪያ ካዛንቺስ ተነሳች። ስለሱ ብዙ ተብሏል፣ እኔ አልጨምርበትም። ለእኛ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሰን። ሦስተኛ ፎቅ።

ዕቃው ተቆጥሮ አለቀ፤ ትርፌ ቀረች። ከግቢያችን አንዱ፣ «ለጥብስ ቤት ሽጧት፤ ደህና ዋጋ ታወጣለች» አለ። ጫት ሻጩ ልግዛት አለ፤ ለምን እንደሆነ ስንጠይቀው አልደበቀም። አባዬ ደግሞ አዲሱን ቤት አይቶ በመጣ ቀን እራት ላይ ሳይጠየቅ፣ «በረንዳው ሰፊ ነው» አለ። ማንም አልመለሰለትም። «በእርምጃ ለክቼዋለሁ፤ ሦስት በአንድ ተኩል ይሆናል።» እማዬ እንጀራውን አጠፈችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ፍየል ደረጃ ትወጣለች፤ ጎረቤት ግን አይወጣልንም» አለችው። ሴት ፍየል ገዛ ተብሎ ዓመት የተሳቀበት ሰው፣ አሁን በረንዳ ይለካላታል።

በመጨረሻ ጋሼ መጡ። የእማዬ የአጎት ልጅ ናቸው፤ ሸኖ አካባቢ የሚያርሱ። ቅቤው የሚታወቀው ያው ሸኖ፣ ከዚህ 80 ኪሎ ሜትር ቢጠጋ ነው። ዕቃ ሊያግዙን ነበር የመጡት። ትርፌን አይተው፣ «ይቺ ታስቸግራችኋለች፤ እኔ ልውሰዳት» አሉ። እማዬ፣ «ወንድሜ፣ ለማርባት ነው ወይስ…» ብላ ሳትጨርሰው ተወችው። ጋሼም፣ «ሴት አይደለች? ትወልዳለች እንጂ» አሉ። በዚያው አለቀ።

ጋሼ ከንፈሯን ገለጥ አድርገው ጥርሷን ያዩበት አኳኋን ዓይኔ ላይ ቀርቷል። ፍየል ከላይ የፊት ጥርስ የላትም። ዕድሜዋ የሚነበበው ከታች ካሉት 8 የፊት ጥርሶች ነው፤ የግልገልነቱ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በዓመት በዓመቱ ይወልቅና በትልቁ ይተካል። እኔ ይህን ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው፣ «ስድስቱን ቀይራለች። ሦስት ዓመት ገደማ ናት» አሉ። ዓመት ተኩል አብሬያት ኖሬ ዕድሜዋን ጠይቄ አላውቅም። እሳቸው በግማሽ ደቂቃ አነበቡት።

የምትሄድበት ቀን ረቡዕ ነበር። አባዬ፣ «የዕድር ስብሰባ አለብኝ» ብሎ በጠዋት ወጣ። ዕድራችን ረቡዕ ተሰብስቦ አያውቅም። ያን ሰሞን እንዲያውም ግማሹ አባል ለቆ ሄዷል። ማንም ግን አልተናገረውም።

እማዬ መዳፏ ላይ ጨው አድርጋ አስላሰቻት። ትርፌ ጨው ስትልስ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ልሳ ጨርሳ እንኳ መዳፉን እየደጋገመች ታሸዋለች፤ እማዬ እጇን አልሳበችም። ከዚያ ግንባሯን አሻሸቻትና፣ «በይ፣ በሰላም ግቢ» አለቻት። እህቴ ቤሩት ስትሄድ ያለቻት ይህንኑ ነበር። እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ትርፍ አይጫንም

የእትዬን ዕቃ የጫነ ኤፍ ኤስ አር በመገናኛ በኩል ስለሚያልፍ እስከ ላምበረት አደረሰን። ጋሼ ጋቢና ገቡ፤ እኔና ትርፌ ከኋላ ከዕቃው ጋር። ከሶፋው፣ ከብረት ምጣዱ፣ ከተጠቀለለው ፍራሽ መሀል ቆማ የእትዬ ቁም ሳጥን ፊት ተገኘች። መስታወት ያለው ቁም ሳጥን ነው። ከኡራኤል እስከ መገናኛ ድረስ ዓይኗን ከመስታወቱ አላነሳችም። አንዴ ትጠጋለች፣ አንዴ ታሸታለች። መኪናው ሲነቀነቅ መስታወቱ ውስጥ ያለችው ፍየልም ትነቀነቃለች። ያን ሁሉ ጊዜ ሌላ ፍየል ሳታይ መኖሯን ያኔ ነው ያሰብኩት። ከልጇ በቀር። እሱንም እኛው ወሰድንባት።

ላምበረት ሁልጊዜም ያው ነው። ጥሩምባ፣ ጭስ፣ «ሸኖ! ሸኖ አንድ ሰው!»፣ «ደብረ ብርሃን የሞላ!» ማስቲካ የሚሸጥ ልጅ ትርፌን በካርቶኑ ነካ አድርጎ አለፈ። ረዳቱ ከሩቅ አይቶን እጁን ያወዛውዛል። «አባት! ፍየሏ ትርፍ ናት! ላይ ነው የምትወጣው፤ ደግሞ ትከፍላላችሁ!»

ደነገጥኩ። ስሟን የጠራ መሰለኝ። ትርፌም ዞር አለች። በጩኸቱ ይሁን በስሟ አላወቅኩም። ረዳቱ ግን ከመቀመጫ በላይ የሆነውን ሰውና ዕቃ ነው ትርፍ የሚለው፤ ቀኑን ሙሉ የሚለው ነገር ነው።

ጋሼ በሂሳቡ ተከራከሩት፣ ተስማሙ። ከዚያ ተንበርክከው አራት እግሯን በአንድ ላይ ማሰር ያዙ። እኔ አንገቷን ይዣለሁ። ቋጠሮውን እያጠበቁ፣ ሳያዩኝ፣ እንዲያው ሥራ ላይ ያለ ሰው እንደሚያወራው፣

«በምን ትጠሯት ነበር? ስም አላት?» አሉኝ።

ቀላል ጥያቄ ነው። ሰው ከማን ጋር እንደሚሄድ ለማወቅ የሚጠይቀው ነው። ሲጠሯት እንድትመጣላቸው ፈልገው ነው። ሁለት ፊደል ተኩል የምታህል መልስ ነበር የምታስፈልገው። ዙሪያዬን አየሁ። ረዳቱ አለ። ሁለት ወዛደሮች ግንቡን ተደግፈው ያዩናል። እኔ የቢሮ ሸሚዝ ለብሻለሁ።

«ፍየል ደግሞ ምን ስም አላት ጋሼ!» አልኩ። ሳቅኩ። ረዳቱም ሳቀ።

ጋሼ አልሳቁም። «እንግዲህ» ብለው ቋጠሮውን አጠበቁ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጣ፤ እኛ ከታች አነሳናት። ፖርቶ መጋላው ላይ ከአንድ ከረጢት ሽንኩርትና ከአንድ ፕላስቲክ በርሜል መሀል አስተኟት። አንገቷን ብቻ ቀና አድርጋ ወደ ታች አየች። የፍየል የዓይን ብሌን አግድም ነው፤ የት እያየች እንደሆነ ለሰው አይታወቅም። እኔን ይሁን፣ ገረባ የያዘ ሰው እየፈለገች ይሁን፣ ዛሬም አላውቅም።

መኪናው ወጣ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው እዚህ ጋ ጴጥሮስን ያስታውሳል፤ እኔም ወዲያው እሱ ነው የመጣብኝ። ዶሮ ግን አልጮኸም። ላምበረት ላይ የሚጮኸው ጥሩምባ ነው።

እና ምን አስካደኝ? ብዙ ጊዜ እፍረት ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። ይሉኝታ። የሰው ስም ለፍየል አውጥቶ፣ አርሶ ለሚያድር ሰው «ትርፌ ትባላለች» ማለት። የከተማ ልጅ ሲቀብጥ ማለት። ግን ጋሼ እንደዚያ ያሉ ሰው አይደሉም። ገጠር እንስሳ ስም የለውም ያለው ማነው? በሬው ቦራ ነው፣ ዳልቻ ነው። ፈረስማ ለጌታው ራሱ ስም ያወጣለታል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው የተባሉት በፈረሳቸው ነው። ፒያሳ ላይ በ1923 የቆመው የምኒልክ ሐውልት ውስጥ ፈረሱም አለ።

ፍየል ግን እንዲህ ያለ ዕድል የላትም። መጽሐፉ በግራ ነው ያቆማት። ቡናን ለሰው ያሳየችው እሷ ናት እየተባለ ይተረታል፤ ተረቱን የሰማ ሁሉ እረኛውን ካልዲን ያውቀዋል። ከፍየሎቹ የአንዷን ስም የሚነግረኝ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ይሉኝታው አለ፤ አልክድም። ግን ሙሉ መልስ አይደለም። ማታ ማታ የሚመጣብኝ ሌላው ነው። ስሟን ብነግራቸው ኖሮ መለመኔ ነበር። እንዳታርዷት ማለቴ ነበር። እኛ ቤት ስም ማለት ያ እንደሆነ በወጠጤው አይቼዋለሁ። ጋሼ ልጆች አሏቸው፣ በዓል ይመጣል፣ አንድ ዓመት እህል ይከፋል። በየትኛው ፊቴ ነው የማልመግበውን እንስሳ አደራ ብዬ እጃቸውን የማስረው? ያውም ልጇን አስጨምሬ የበላሁ ሰው? ስለዚህ ነጻ ተውኳቸው። እንደፈለጉ ያድርጓት ብዬ።

ይህን ሳስብ ደግ ነገር ያደረግኩ ይመስለኛል፤ አንድ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ሳቄ ይመጣብኛል። ለጋሼ አስቦ ዝም ያለ ሰው አይስቅም።

ቤት ስደርስ እማዬ ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለለች ነበር።

«ተሳፈሩ?»

«ተሳፈሩ።»

«ትርፌ መባሏን ነገርካቸው አይደል?»

«ረዳቱ ለፍየሏም አስከፈለን» አልኳት። «የሰው ግማሽ ነው ያለን።»

«ስሟን ነው የምልህ።»

«ደግሞ ላይ ነው የጫኗት፤ ከሽንኩርት ጋር።»

እሷ ስለ ስም፣ እኔ ስለ ሂሳብ። ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ። ሦስተኛ ስትጠይቀኝ «አዎ፣ ነገርኳቸው» አልኩ። «ጎሽ» ብላ ሳህኗን መጠቅለል ቀጠለች።

አባዬ አመሻሽ ላይ መጣ። የዕድሩ ስብሰባ እንዴት ነበር ብሎ የጠየቀው የለም። ማድቤቱ ጀርባ ሄዶ ትንሽ ቆየና ተመለሰ። «ገመዱንም ይዘውት ሄዱ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ደህና ገመድ ነበር» አለ። ከዚያ ወዲህ ስለሷ አንስቶ አያውቅም።

የገና ስልክ

የ2017 ገናን ያሳለፍነው አዲሱ ቤት ነው። ሦስተኛ ፎቅ። በረንዳው በእርግጥ ሰፊ ነው። እማዬ ሁለት የዘይት ጄሪካን አስቀምጣ ጤና አዳም ተክላበታለች። የሚቀነጥሰው ስለሌለ ዱር ሆኗል፤ ለቡና ከምናደርገው ተርፎ ለጎረቤት እናድላለን።

ረፋድ ላይ ጋሼ ደወሉ። እንኳን አደረሳችሁ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን። ጤና፣ ልጆች፣ መኸሩ፣ ውርጩ። እኔ ሌላው ሁሉ እስኪያልቅ ጠብቄ፣ እንደ ቀላል ነገር፣

«ፍየሏስ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ማ? ሸገር?»

ዝም አልኩ።

«ሸገር ነው የምንላት። አንተ ስም የላትም ካልከኝ ልጆቹ አወጡላት። የአዲስ አበባ ልጅ ናት ብለው።» ሳቁ። «መጀመሪያማ ሣር አሳየናት፣ ዞር በሉ አለችን። ጫት ትፈልጋለች አሉኝ ልጆቹ! ሁለት ሳምንት ፈጀብን። አሁን ግን ደህና ናት። ከሁለቱ ፍየሎቻችን ጋር ነው ውሎዋ፤ አትለያቸውም። ስትጠራ ትመጣለች። መጋቢት ላይም ትወልዳለች።»

«ስትጠራ ትመጣለች?»

«ምነው፣ ሸገር ብለህ ጥራት እንጂ! ከየት እንደምትደርስ አታውቅም።»

ሆዴ ውስጥ የነበረ አንድ ነገር ላላ። በዚያው ሌላ ነገር ጠበቀ። አሁን ብነግራቸውስ? «በእውነቱ ጋሼ፣ ስም ነበራት» ብል? ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ግን የማን ስም ነው? እዚያ ልጆች ከአጥር ላይ ሆነው የሚጠሯት፣ እሷም እየሮጠች የምትመጣበት ስም አላት። የእኔን ምን ትሠራበታለች?

እማዬ እጇን ከቡናው አንስታ ዘረጋች። «ስጠኝ እስቲ፣ እኔም እንኳን አደረሰህ ልበለው።»

ሰጠኋት። ሰላምታው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ጤና፣ ልጆች፣ መኸሩ፣ ውርጩ። እኔ በረንዳው በር ላይ ቆምኩ። ወዴት መሄድ እንደምችል አላውቅም፤ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። አባዬ ቴሌቪዥኑን ቀነሰው።

«ትርፌስ?» አለች እማዬ። «ትርፌ ደህና ናት?»

ከወዲያ የጋሼ ድምፅ ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። እማዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም ነበር። የጀበናው ክዳን ይንተከተካል።

«አዎ» አለች ለስልኩ፣ ዓይኗን ሳትነቅል። «እሷን ነው። ሸገር።» ከዚያ ወደ ጀበናዋ ዞረች። «ብርዱስ እንዴት አደረጋት? ማታ የምታድርበት ሙቀት አለው?»